በሎሚ የጠፋው የነገሥታት አገር

ሥራዬን ባስረከብኩበት ቀን፣ የመለስኳቸው ዕቃዎች ዝርዝር ላይ ስፈርም እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ቁልፍ፣ የበር ካርድ፣ ሁለት ነጭ ጋዋን፣ ግንባር ላይ የሚታሰር ማጉያ መነጽር። የቢሮዋ ልጅ አየችኝና "ከባድ ነው አይደል?" አለችኝ በደግነት። ጡረታ መውጣቴ ያስለቀሰኝ መስሏታል። እኔን ያንቀጠቀጠኝ ሌላ ነገር ነው። ከሙዚየሙ ከመውጣቴ በፊት ከማኅደር ክፍል አንድ ካርድ አስወጥቼ ማየት ነበረብኝ። በዚያ ካርድ ግርጌ አንዲት ባዶ መስመር አለች፤ ባዶ የተውኳት እኔ ነኝ። ሰባት ዓመት ስሸሻት ኖሬያለሁ።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር።

ከልጅነቴ ጀምሮ ሆዴ የማይረጋ ሰው ነኝ። ምድጃ አጥፍቼ፣ በር ቆልፌ፣ ባቡር ውስጥ ከተቀመጥኩ በኋላ "አጥፍቼዋለሁ ወይ?" ብዬ የምወርድ ዓይነት። የምንኖረው ስቶክሆልም ዳር፣ ዩልስታ ነው፤ ባቡሩ ከዚያ ስለሚነሳ እንደ ልብ ወንበር ይገኛል፣ እኔ ግን ድንገት ለመውረድ እንዲመቸኝ ብዙውን ጊዜ በሩ አጠገብ ቆሜ ነው የምሄደው። ባለቤቴ ዘነበች "ባቡሩን የምትነዳው አንተ ነህ እንዴ?" ትለኛለች።

ስቶክሆልም በስደት ከገባሁ በኋላ መጀመሪያ ሁዲንጌ አንድ ትልቅ የልብስ ማጠቢያ ውስጥ አንሶላ አጠፍኩ። ቀጥሎ የአንድ ትምህርት ቤት ቫክትሜስታሬ ሆኜ አምፖል ስቀይር፣ የተሰበረ ወንበር ስጠግን ቆየሁ። ስለ ደሞዙ ብዙ አልናገርም፤ ከቤት ኪራይ ትንሽ ይተርፍ ነበር፣ በቃ። ከዚያ አንድ ሙዚየም መጋዘኑን ወደ ሌላ ሕንጻ ሲያዛውር ዕቃ የሚጠቀልሉ ሰዎች ፈለገ። ለስድስት ወር ተብዬ ገባሁ። ጉንቮርን ያገኘኋቸው እዚያ ነው።

በስዊድንኛ ሚኒስትሩም "አንተ" ነው። እኔ ግን ጉንቮርን በልቤ "እርስዎ" እያልኩ ነው አብሬያቸው የሠራሁት፤ አሁን በአማርኛ ስጽፍ በይፋ ላከብራቸው በመቻሌ ደስ ይለኛል። የብረታ ብረት ጥገና ባለሙያ ነበሩ። ረጅም፣ ከጆሯቸው ላይ እርሳስ የማይጠፋ፣ ጠዋት ከአራት ሰዓት በፊት ከሰው ጋር የማይነጋገሩ ሴት። አንድ ቀን የብር ሳህን ስጠቀልል አዩኝ። ከመጠቅለሌ በፊት በጥፍሬ መታ አድርጌ ድምፁን ሰምቼ ነበር።

"ማን ነው ይህን ያስተማረህ?" አሉኝ።

"አባቴ። ብር ሠሪ ነበር። የተሰነጠቀ ዕቃ ድምፁ ይታፈናል።"

"ነገ ጋዋን ልበስና ወደ እኔ ክፍል ና" አሉ፤ ሌላ ነገር አልጨመሩም።

ረዳታቸው ሆንኩ። ቅጥሬ ግን ቪካሪያት ነበር፣ በየስድስት ወሩ የሚታደስ ጊዜያዊ ሥራ። ይህን ያላየ ሰው አያውቀውም። አራተኛው ወር ላይ ቀን መቁጠር ይጀምራል፤ አምስተኛው ላይ አለቃው ሰላምታ ሲያሳጥር ትባረራለህ ማለት ይመስልሃል። የክፍሉ አለቃ ሌናርት ሁልጊዜ የሚቸኩል፣ ፈገግታው የማይጠፋ ሰው ነበር። ፈገግ ሲል ይበልጥ እፈራው ነበር።

የጉንቮርን ልማድ ለመናገር ሦስቱ ይበቃሉ። የመጀመሪያው፣ ዕቃ ከመንካታቸው በፊት በእርሳስ ይስሉታል። ፎቶ ተነስቷል ብላቸው "ካሜራው ሁሉንም እኩል ያያል። አንተ ስትስል ግን የምትጠራጠረው ቦታ ላይ እጅህ ይቆማል" ይሉኛል። ሁለተኛው፣ መብራቱን ከላይ አያበሩም፤ ከጎን አስተኝተው ነው፤ ብርሃኑ እየተጋደመ ሲሄድ የደበዘዘ ጭረት ሁሉ ጥላ ያወጣል። ሦስተኛው የካርዱ ነገር ነው። እያንዳንዱ ዕቃ ምን እንደተደረገለት የሚጻፍበት ካርድ አለው። በካርዱ ግርጌ በእጃቸው አንድ ጥያቄ ጨምረውበታል፦ "ምን አበላሸሁ?"

እዚያ መስመር ላይ "ምንም" ብሎ መጻፍ ክልክል ነበር። "እጅ የነካው ሁሉ አንድ ነገር ያጣል። ካላየኸው አላየሁም በል" ይሉ ነበር። የእሳቸውን ካርዶች አንብቤያለሁ። "አንድ ክር ከጨርቁ ወጥቷል።" "ጥላሸቱን በብሩሽ አነሳሁ፤ ምናልባት የሻማ ጥላሸት ነበር፣ የጸለየበት ሰው ይኖራል።" ሲሳሳቱም አይፍቁም። በክፍላችን ላጲስ የሚባል ነገር አልነበረም። አንድ ቀጭን መስመር በላዩ ያሰምራሉ፣ የተሰረዘው ከስር እንዲነበብ፤ ከጎኑ የስማቸውን የመጀመሪያ ፊደል ያኖራሉ።

የመዳብ ሰሌዳዎቹ የመጡብኝ በፈረንጆች አቆጣጠር በሁለት ሺህዎቹ መጀመሪያ ላይ፣ በአንድ መጋቢት ወር ነው። ሦስት ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ሁለት መዳፍ ያህል ስፋት አላቸው፣ ሲደራረቡ ጽሕፈቱ እንዳይፋቅ ጠርዛቸው ወደ ላይ ተነስቷል። በአንድ በኩል ተበስተው በወፍራም የመዳብ ቀለበት ተያይዘዋል፤ ቀለበቱ ላይ ማኅተም አለ፣ ማኅተሙ ላይ ክንፉን የዘረጋ ንስር። በሕንድ የሠራ አንድ የስዊድን መሐንዲስ ያመጣቸውና ለሙዚየሙ የተዋቸው ናቸው። ብዙ ዘመን ሣጥን ውስጥ ኖረው አረንጓዴ ዝገት ሸፍኗቸው ነበር።

የሚያወሩት በሕንድ ምዕራባዊ የባሕር ዳርቻ፣ የዛሬ ሺህ ዓመት ገደማ ስለነበረ ሺላሃራ ስለሚባል የነገሥታት ቤት ነው። ትልቅ ቤት አልነበረም፤ ከበላዩ ሌላ ንጉሥ ነበረበት። ንጉሡ ለካህናት መሬት ሲሰጥ ስጦታውን በመዳብ ያስቀርጻል፤ ከመስጠቱ በፊት ግን ዘሩን ይቆጥራል። አንድን እባብ ለማዳን ሲል ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ራሱን ለንስር መብል ካቀረበ ልዑል ተወለድን፣ አገራችንም ታጋራ የምትባል የከበረች ከተማ ናት ይላሉ። ታጋራ ደግሞ ከባሕሩ ርቃ መሃል አገር ያለች ናት። በእርግጥ ከዚያ መጥተው ይሆን? ይህን ሁሉ ያኔ አላውቅም ነበር። እኔ የማውቀው ቶሎ መጽዳት ያለበት ዝገት እንዳለ ብቻ ነው።

ጉንቮር ሰሜን ወደሚኖሩት እህታቸው ለሁለት ሳምንት ዕረፍት ሄደው ነበር። ሐሙስ ዕለት ሌናርት ብቅ አለ።

"ታደለ፣ ሰኞ ከሕንድ እንግዳ አለችን። ሰሌዳዎቹ ይነበቡላት። ደግሞ ወሩ ሲያልቅ ስላንተ ጉዳይ እንነጋገራለን" አለና ፈገግ ብሎ ሄደ።

ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው የተናገረው። እኔ ግን እንደ አንድ ነው የሰማኋቸው።

ዝገቱ በማይክሮስኮፕ ስር በቀጭን ምላጭ ነው የሚነሳው፤ በቀን ሁለት መስመር ከጸዳ ጎበዝ ነህ። ዓርብ እኩለ ቀን ላይ የመጀመሪያውን ሰሌዳ እንኳ አልጨረስኩም። ሁለተኛውን አነሳሁና እንደተማርኩት መብራቱን አስተኛሁ። ሦስተኛው መስመር ላይ፣ ከተቀረጹት ፊደላት ስር፣ አረንጓዴው ውስጥ ሦስት ጭረቶች አየሁ። ከላይኞቹ ጋር አይገጥሙም፤ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይሄዳሉ። ገልብጬ ጀርባውን በጣቴ ዳሰስኩ። ትንንሽ የመዶሻ ጉድጓዶች።

ይህን ሥራ አውቀዋለሁ። አባቴ ፒያሳ ሱቁ ውስጥ ከተሸጠ ዋንጫ ላይ የቀድሞውን ባለቤት ስም ለመቀየር፣ ከጀርባ በትንሽ መዶሻ እየቀጠቀጠ ብሩን ወደፊት ያስነሳዋል፣ ፊቱን ያስተካክላል፣ አዲሱን ስም ይቀርጽበታል። ከፊት ማንም አያውቅም፣ ጀርባው ግን ይናገራል። እዚህ ሰሌዳ ላይ አንድ ቃል ጠፍቶ በሌላ ተተክቷል። ምን ቃል እንደሆነ አላውቅም፤ መተካቱን ግን አወቅሁ።

እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። እርሳስ አንስቼ መሳል ነበረብኝ። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። እኔ የማየው ግን ሰዓቱንና የሌናርትን ፈገግታ ነበር። ሌላም ነገር አለ፤ ይህን የአገሬ ሰው ይረዳኛል። አባቴ ሱቅ በዓል ወይም እንግዳ ሲመጣ ብሩም መዳቡም በሎሚና በአመድ ይታሻል። የጠቆረ ዕቃ እንግዳ ፊት ማቅረብ ነውር ነው። ከሕንድ ድረስ ለምትመጣ እንግዳ የአያቶቿን ጽሕፈት በዝገት ላሳያት? ከሠራተኞች ፍሪጅ ለዓሣ የተቆረጠ ግማሽ ሎሚ አገኘሁ። ጥጥ ነክሬ ማሸት ጀመርኩ። አመድ አልጨመርኩም፤ ያን ያህል አላበድኩም።

ጭረቶቹ መዳቡ ላይ ያሉ መስሎኝ ነበር፤ አረንጓዴው ሲነሳ ይበልጥ ይጎላሉ አልኩ። አልነበሩም። መዳቡንማ መዶሻው ደፍኖታል። ጭረቶቹ የቀሩት ዝገቱ ውስጥ ብቻ ነው፤ የተቀጠቀጠና ያልተቀጠቀጠ መዳብ እኩል አይዝግም። ጥጡ አረንጓዴ ሆነ፣ መዳቡ ቀላ፣ መብራቱን አስተኝቼ ባይ ምንም የለም። በዚህም በዚያም አስተኛሁት። ምንም። አንድ ቦታ ብቻ ቀልቶ ከቀረ እንዳይታወቅብኝ ብዬ ደግሞ ሁሉንም በሎሚ አጠብኳቸው።

ሌናርት አይቶ "ግሩም ነው!" አለ። ካርዱ ላይ "ጸድቷል" ብዬ ጻፍኩ፤ በምን እንደሆነ አልጻፍኩም። "ምን አበላሸሁ?" የሚለው ጋ ስደርስ "ምንም" ለማለት እጄ እምቢ አለኝ። እውነቱንም አልጻፈም። መስመሩን ባዶ ትቼ ካርዱን ወደ ማኅደር ላክሁት።

ሰኞ ጉንቮርም ተመለሱ፣ እንግዳዋም መጣች። ማዳቪ ትባላለች፤ ዶክትሬቷን የምትሠራ፣ ጉንፋን የያዛት፣ ሻርፕ ውስጥ የተደበቀች ወጣት። ሰሌዳውን ስታይ እጆቿን አጋጥማ ሰገደችና፣ ጣቷን ሳታስነካ በጽሕፈቱ ላይ እያስኬደች ድምፅ አውጥታ አነበበች። ሁለተኛው ሰሌዳ፣ ሦስተኛው መስመር ላይ ቆመች። ከቦርሳዋ የአሮጌ ደብዳቤ ቅጂ አወጣች።

"መሐንዲሱ የጻፈው ነው። ከዚህ ቃል ስር ሌላ ነገር ያለ ይመስላል፣ ዓይኔ ግን ደክሟል ይላል" አለችኝ በእንግሊዝኛ። "ቃሉ 'ታጋራ' ነው። ሁለት ዓመት የለፋሁት ይህን ለማየት ነው። ከስሩ ሌላ ስም ካለ፣ ታጋራ በኋላ የተለበሰ ክብር ነው ማለት ነው። ከሌለ ነገሥታቱ የነገሩን እውነት ሊሆን ይችላል። አንተ ስታጸዳው ያየኸው ነገር ነበር?"

ጉንቮር መስኮቱ አጠገብ ቆመዋል። አያዩኝም ነበር።

"የለም" አልኩ። "እንደዚሁ ነበር።"

ልጅቷ በዝግታ ራሷን ነቀነቀች። "እሺ። እንግዲህ የለም ብዬ እጽፋለሁ" አለች። አልተጠራጠረችኝም፣ እሱ ነው የባሰብኝ።

ያን ቀን አባቴን አሰብኩ። አባቴ "አገርህ የት ነው?" ሲሉት "አንኮበር" ይል ነበር። እኛ ከአንኮበር አይደለንም። የእጅ ሥራ ይናቅ ስለነበር፣ "ቀጥቃጭ" እየተባለ ያደገበትን መንደር ትቶ የቤተ መንግሥት ሽታ ያለበት አገር መረጠ። እናቴ ትስቅበት ነበር እንጂ አላጋለጠችውም። ስለዚህ ያ ትንሽ ንጉሥ የድሃ መንደሩን በመዶሻ አስደፍኖ ታጋራ ብሎ ቢያስቀርጽ አልፈርድበትም። የአባቴ ወንድም ነው። ግን መንደሯ ሺህ ዓመት ዝገት ውስጥ ተደብቃ ቆይታ ነበር። የሚያነባት ሰው ሦስት ቀን ሲቀረው እኔ አጠብኳት።

ማታ ልንወጣ ስንል ጉንቮር ኮታቸውን እየለበሱ "ክፍሉ ሎሚ ሎሚ ይሸታል" አሉ። እኔ መብራቱን አጠፋሁ። "የሰሌዳዎቹን ካርድ ጨርሰሃል?"

"አዎ።"

"የመጨረሻዋንም መስመር?"

"አዎ" አልኳቸው። ሌላ አልጠየቁኝም።

እህል አልወርድ አለኝ። ቅዳሜ ቁርስ ላይ ዘነበች ሳህኔን አየችና "አንተ ሰውዬ፣ ሰው ነው የገደልከው?" አለችኝ። ሁሉንም ነገርኳት። "ሂድና ለሴትዮዋ ንገራቸው። አይበሉህም።"

"ቋሚ ካደረጉኝ በኋላ እነግራቸዋለሁ።"

"በኋላማ ጭራሽ አትነግራቸውም። አውቅሃለሁ እኮ!"

እንዳለችው ሆነ። ሰኔ ላይ ሌናርት ጠርቶ ቋሚ መሆኔን ነገረኝ፤ ደስ አላለኝም፣ ፈራሁ እንጂ። በዚያው ክረምት ጉንቮር ጡረታ ወጡ። ሁለት ዓመት እንዲቆዩ ተጠይቀው እንደነበር አውቃለሁ፤ ሐሳባቸውን የለወጡ መሰለኝ። ሲሰናበቱኝ ያሉኝ "ካርዶችህን ጨርስ" ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ብዙ ሠራሁ። የቻይና ደወል፣ የጃፓን የሰይፍ እጀታ፣ የፋርስ የመዳብ ማሰሮ። ሳልስል የነካሁት አንድም የለም። የመጨረሻዋን መስመር እስከ ካርዱ ጀርባ ድረስ እሞላት ስለነበር ባልደረቦቼ "የታደለ ኑዛዜ" እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ማዳቪ መጽሐፏ ሲታተም አንድ ቅጂ ላከችልኝ። ፖስታውን ሳልከፍት ከመደርደሪያው ላይ አኖርኩት። በውሸቴ ላይ የተሠራ ቤት መሰለኝ፤ ደጃፉን ለማየት ድፍረት አጣሁ።

ወደ መጨረሻው ቀን ልመለስ። የማኅደር ክፍሉ ልጅ ካርዱን አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረልኝ። ባዶዋን መስመር ለመሙላት እርሳሴን አዘጋጅቼ ነበር። መስመሯ ባዶ አልነበረችም።

"ሁለተኛው ሰሌዳ፣ ሦስተኛ መስመር። ጀርባው ተቀጥቅጧል። ከስር የነበረ ጽሕፈት በአሲድ ጽዳት ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። ለእንግዳዋና ለአለቃው ተነግሯል። ኃላፊነቱ የእኔ ነው። ጉ."

የጉንቮር እጅ ጽሑፍ ነው። የተጻፈበት ቀን የዚያው ሳምንት ማክሰኞ ነው።

ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። እንዲቆዩ የተጠየቁት ሁለት ዓመት ለምን እንደቀረባቸው ገባኝ። እኔ ለምን ቋሚ እንደሆንኩም ገባኝ። እርሳሴን አንስቼ "ጉ." ላይ አንድ ቀጭን መስመር አሰመርኩ፣ ከስር እንዲነበብ አድርጌ። ከጎኑ ሙሉ ስሜን ጻፍኩ።

ቤት ደርሼ ፖስታውን ቀደድኩት። ስለ ሰሌዳው በሚያወራው ገጽ ግርጌ ማዳቪ፣ ከስር የነበረው ጽሕፈት በጽዳት ሳይጠፋ እንዳልቀረ የጥገና ባለሙያዋ እንደነገሯት፣ ስለዚህ ይህ ሰሌዳ የነገሥታቱ ቤት ከታጋራ መምጣቱን ያረጋግጣል ማለት እንደማትችል ጽፋለች። ሰባት ዓመት ሁሉም ያውቁ ነበር፤ እንዳያውቁብኝ ስፈራ የኖርኩት እኔ ብቻ ነኝ።

በማግስቱ ሶደርማልም፣ ሊፍት የሌለው አራተኛ ፎቅ ወጣሁ። ጉንቮር አርጅተዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል። ሳልቀመጥ የካርዱን ቅጂ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። በማጉያ መነጽር ረጅም ጊዜ አዩት።

"መስመሩ ጠማማ ነው" አሉ።

"እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።"

"ይታያል።"

"ጉንቮር፣ ለምን ዝም አሉኝ?"

"ልጅቷ በዚያው ሳምንት ወደ አገሯ ትመለስ ነበር። እሷ መጠበቅ አትችልም። አንተን ግን መጠበቅ እችል ነበር።" ማጉያውን አኖሩና፣ "ሰባት ዓመት ይፈጃል ብዬ ግን አልገመትኩም" አሉ።

አለቀስኩ። ትልቅ ሰው ሆኜ፣ የጡረታ ወረቀት በኪሴ ይዤ፣ እንደ ልጅ አለቀስኩ። እሳቸው ጠበቁኝ። ከዚያ "ያኔ ያየኸው ነገር ነበር?" አሉ።

"ሦስት ጭረቶች።"

ተነስተው ወረቀትና እርሳስ አመጡ። የጠረጴዛውን መብራት በልማድ አስተኙት።

"ሳል።"

"ይህን ያህል ዘመን አልፎታል። ልሳሳት እችላለሁ።"

"እሱንም ጻፈው።"

አንዱ ከላይ ወደ ታች ያዘመመ፣ ሁለተኛው ወደ ግራ እንደ መንጠቆ የተቆለመመ፣ ሦስተኛው ከሁለቱ በላይ አጭር። ከዚያች ዓርብ ጀምሮ በየቀኑ ሳያቸው ስለኖርኩ እጄ የትም አልቆመም። ከስራቸው "ከትዝታ የተሳለ፤ እርግጠኛ አይደለሁም" ብዬ ጻፍኩና ለማዳቪ ልልከው ወረቀቱን ላጥፈው ስል፣ ጉንቮር ጣታቸውን ከወረቀቱ ግርጌ፣ በካርዱ የመጨረሻዋ መስመር በምትሆንበት ባዶ ቦታ ላይ አኖሩ።

"እዚህስ?"

አላመነታሁም። "የነገሥታቱን አገር። በሎሚ። ታደለ" ብዬ ጻፍኩ።